እምቢታም መልስ ነው



የዚህ መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «የሰው ልጅ ባለበት ሥራ ነገሮች እንደታቀዱ አይሄዱም። ታዲያ ባለሙያ ከሥራው እንዴት ይማር? ራሱንስ እንዴት ያስተካክል?» የሚል። ግብዣውን በደስታ የተቀበልኩት ጥያቄው በቅርቡ ወደ ሥራ ዓለም የምትሰማሩ የእናንተ የወጣቶች ስለሆነ ነው። ከእናንተ መካከል ጤና ጣቢያ የምትመደቡ አላችሁ፤ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትገቡ አላችሁ፤ የምታስተምሩ፣ በከተማ አስተዳደር የምትሠሩ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅት የምትቀጠሩ አላችሁ። ሁላችሁም ሥራ እንደጀመራችሁ አንድ ሰነድ ይሰጣችኋል፤ ዕቅድ ይባላል። ብዙም ሳትቆዩ ደግሞ ዕቅዱ ውስጥ ያልተጻፈ ሰው ይገጥማችኋል። ዛሬ የምናገረው ዕቅድና ሰው ስለሚገናኙባት ስለዚያች ሰዓት ነው።

የምለውን ሁሉ አስቀድሜ ጠቅለል ላድርገው። ሰዎች ለዕቅዳችን የሚሰጡት ምላሽ፣ እምቢታቸውም ጭምር፣ ልንማርበት የሚገባን ዋነኛ መረጃ ነው። የተማርነውን ይዘን መንገዳችንን ለማስተካከል ደግሞ ሥልጣኑም ድፍረቱም ሊኖረን ይገባል። ይህን ሐሳብ ዛሬ ደጋግሜ አነሣዋለሁ፤ ሌላው ቢረሳችሁ ይህ እንዳይረሳችሁ።

ንግግሬ አምስት ክፍል አለው። መጀመሪያ፣ ሰው ያለበት ሥራ ከሌላው ሥራ ለምን እንደሚለይ እናያለን። ከዚያ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን አነሣለሁ፤ የፈንጣጣን መጥፋት፣ በምዕራብ አፍሪካ የተነሣውን የኢቦላ ወረርሽኝ፣ ከዚያም በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የተደረገውን ጥረት። በመጨረሻ ከእነዚህ ታሪኮች የምንወስዳቸውን አራት የሥራ ልማዶች እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አንደኛ፤ ሰው ያለበት ሥራ ለምን ይለያል?

የእህል ወፍጮ ሲበላሽ መካኒክ ይጠራል። መካኒኩ ሞተሩን ያያል፣ ያለቀውን ችንጋ ያወጣል፣ አዲስ ያስገባል፣ ወፍጮው ይነሣል። ሥራው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ዕውቀትና ልምድ ይጠይቃል። ነገር ግን ችንጋው መካኒክ እንደሚመጣ ሰምቶ ጠባዩን አይቀይርም። ባለፈው ዓመት የመጣው መካኒክ ምን እንዳደረገውም አያስታውስም። ዛሬ የሠራው ጥገና ነገም በተመሳሳይ ወፍጮ ላይ ይሠራል።

አሁን ደግሞ ወደ ታክሲ መያዣው እንሂድ። ታሪፍ በርቀት ይተመናል፤ መስመር ይመደባል፤ ታፔላ ይለጠፋል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ግን አንዳንዱ ሾፌር ረጅሙን መስመር ያቆራርጠዋል፤ ተሳፋሪው ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ተቆጣጣሪ ሲቆም ሾፌሩ ሌላ ሰዓት ወይም ሌላ ማውረጃ ይመርጣል። ተሳፋሪውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ማንም ሳያዝዘው ሰልፍ ይሠራል፤ ሰልፉን ጥሶ ሊገባ የሞከረውን ይመልሳል። በሰልፉ ዙሪያ ደግሞ ተራ አስከባሪው የራሱን ሥራ ያገኛል። ታሪፉን ያወጣው ሰው ይህን ሁሉ አልጻፈውም። ሆኖም ይህ ሁሉ የሆነው ለእርሱ ታሪፍ በተሰጠ ምላሽ ነው።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙልኝ። ሰው ይመልሳል፤ ለምናደርግበት ነገር የራሱን እርምጃ ይወስዳል። ሰው ያስታውሳል፤ ትናንት የተደረገበትን ይዞ ዛሬ ይጠብቀናል። ሰው ሰውን ያያል፤ ጎረቤቱ የሚያደርገውን ሳያይ ብቻውን አይወስንም። በእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ሰው ያለበትን ሥራ ከቢሮ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስንፍናችን ወይም አለማወቃችን ያመጣው ችግር አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው። የሚቻለው ቶሎ ማየት፣ ቶሎ መማርና ቶሎ ማስተካከል ነው።

ሁለተኛ፤ ሰው ይመልሳል። የፈንጣጣ ታሪክ

በዓለም ጤና ድርጅት መሪነት ፈንጣጣን ለማጥፋት የተጠናከረው ዘመቻ በ1967 ሲጀመር መነሻ ዕቅዱ ግልጽ ነበር። በሽታው ባለባቸው አገሮች ቢያንስ 80 በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ መከተብ። ስሌቱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ለሪፖርትም ይመቻል። ስንት ሰው ተከተበ ተብሎ ይቆጠራል፣ በመቶኛ ይሰላል፣ ወደ በላይ ይላካል።

ነገር ግን ዘመቻው ሊጀመር ሲል፣ በ1966 መጨረሻ፣ ዊልያም ፎጊ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም በምሥራቅ ናይጄሪያ ፈንጣጣ ሲነሣበት በእጁ የነበረው ክትባት ለሁሉም አይበቃም ነበር። ስለዚህ በየአካባቢው የነበሩ ሚስዮናውያንን በሬዲዮ አገኛቸው። ካርታ ተከፋፈሉ፤ በየመንደሩ ሰው ልከው በሽታው የት እንዳለ እንዲያጣሩ ጠየቃቸው። ከዚያ ክትባቱን በሽታው ባለባቸው መንደሮች ዙሪያና ሰው በሚገናኝባቸው ገበያዎች ላይ አዋለው። የአካባቢው ሕዝብ ግማሹ እንኳ ሳይከተብ ወረርሽኙ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። በክትባት እጥረት የተጀመረው መንገድ ከዋናው ዕቅድ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ፎጊ ይህን ለበላዮቹ አሳየ፤ እነርሱም ተቀበሉት። ታሪኩ ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ መቀበል ነው። ከበታች የመጣውን ግኝት «ከዕቅዱ ውጭ ነው» ብለው ቢመልሱት ኖሮ ትምህርቱ እዚያው በቀረ ነበር።

ኢትዮጵያ ዘመቻውን የጀመረችው በ1971 መጀመሪያ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ባለሙያው ጥቂት ነበር፤ ትኩረቱም ወባን ወደ ማጥፋት ያደላ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከመኪና መንገድ እጅግ ርቆ ነበር። እያንዳንዱን ሰው መክተብ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ሥራው ከመነሻው በሽታውን ፈልጎ ማግኘትና ዙሪያውን መክተብ ሆነ። የአገራችን የጤና ሠራተኞችና የውጭ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ ወጡ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሠራተኛው ገበያ ይገባል። ከቦርሳው አንድ ካርድ ያወጣል፤ ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ነው። ፊቱና እጁ በሽፍታ ተሸፍኗል። ካርዱን ለእህል ሻጩ ያሳያል፣ ለባለ ጨዉ ያሳያል፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ለልጆች ያሳያል። «እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሰው አይታችኋል? የት?» ይላል። መንደሩን የሚያውቁት፣ ማን ታሞ እንደተኛ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አስተማሪዎቹ ገበያተኛውና የትምህርት ቤቱ ልጅ ሆኑ ማለት ነው፤ ተማሪው ደግሞ ባለሙያው።

ሕዝቡ ሁሉ ክንዱን ዘርግቶ አልጠበቀም። በኢትዮጵያ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለና የሚገድለውም ጥቂት በመሆኑ ብዙ ሰው «ለዚህ ምን ክትባት ያስፈልጋል?» ይል ነበር። ከታማሚ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በመጫር የሚከትቡ የባህል አዋቂዎችም ነበሩ፤ አዲሱ ክትባት ሥራቸውን ይነካል። እንግዲህ ይህ እምቢታ ምን ይነግረናል? ሕዝቡ ያለ ምክንያት እምቢ እንዳላለ ይነግረናል። አንዱ የበሽታውን ክብደት መዝኖ እምቢ አለ፣ ሌላው እንጀራውን አስቦ እምቢ አለ። ምክንያቱን ያወቀ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን መልስ ይዞ ይመለሳል። ምክንያቱን ያላወቀ ግን ያንኑ ንግግር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1976 በምሥራቁ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጥቅምት 1977 በሶማሊያዋ መርካ ከተማ የተገኘው የሆስፒታል ወጥ ሠሪ አሊ ማው ማሊን ነው። አሊ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ የቀረ ሰው ነበር። ድኖ ከብዙ ዓመት በኋላ በፖሊዮ ዘመቻ ተሰለፈ፤ ልጆቻቸውን ለማስከተብ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ፍርሃትን ከውስጥ ያወቀ ሰው ለፈሪዎች የሚነግረው አለው። እምቢ ያለውን ሰው ከመዝገብ አትሰርዙት፤ ነገ ከሁላችሁም በላይ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፤ ሰው ያስታውሳል። ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ

በ2013 መጨረሻ በጊኒ ገጠር የጀመረው ኢቦላ በ2014 ወደ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ተዛመተ። ወረርሽኙ ሲያበቃ ከ28 ሺህ 600 በላይ ሰዎች ተይዘው ከ11 ሺህ 300 በላይ ሞተው ነበር። ከኢትዮጵያም በጎ ፈቃደኛ የጤና ባለሙያዎች በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ወደዚያ ዘምተዋል።

በሳይንስ በኩል የሚያስፈልገው ይታወቅ ነበር። የታመመውን መለየት፣ ንክኪ ያላቸውን መከታተል፣ የሞተውን ሳይነኩ መቅበር። ታዲያ የከበደው ምን ነበር? ሰዎቹ ትዝታ ነበራቸው። ላይቤሪያና ሴራሊዮን ከረጅም የእርስ በርስ ጦርነት የወጡ አገሮች ናቸው፤ ሕዝቡ ወታደር በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚከተል ያስታውሳል። በዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ኢቦላ መድኃኒት የለውም፣ ይገድላል የሚሉ ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው «መድኃኒት ከሌለው ሕክምና ማዕከሉ የምሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንድን ነው? ታማሚውን እቤት ደበቀ። መደበቁ ባለሙያዎች ራሳቸው ለላኩት መልእክት የተሰጠ ምላሽ ነበር።

ነሐሴ 2014 የላይቤሪያ መንግሥት በዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ የሚገኘውን ዌስት ፖይንት የተባለ እጅግ የተጨናነቀ የድሆች ሰፈር በወታደርና በፖሊስ ዘጋው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጠዋት ሲነሣ መውጫው በሽቦ ታጥሮ አገኘው። ምግብ ተወደደ፣ ግጭት ተነሣ፣ ወታደሮች ተኮሱ፣ አንድ ታዳጊ ልጅ ሞተ። መንግሥት በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ እገዳውን አነሣ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ውጤት ያመጣው የነዋሪዎቹ የራሳቸው ሥራ ነው። ወጣቶችና የሰፈር መሪዎች ተደራጅተው ቤት ለቤት እየዞሩ ታማሚን ለዩ፣ ጎረቤትን አስተማሩ፣ ከጤና ሠራተኛ ጋር አገናኙ። በላይቤሪያ ሊሠሩ ከታቀዱት ትልልቅ የሕክምና ማዕከላት ብዙዎቹ ተሠርተው ሳያልቁ የታማሚው ቁጥር መውረድ ጀምሮ ነበር።

ቀብሩን እንይ፤ እኛ ይህ አይጠፋንም። እድርተኛ ሳይሰበሰብ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ ካህን ወይም ሼህ ሳይደርስ፣ ማንነቱ በማይታወቅ የመከላከያ ልብስ የተሸፈነ ሰው መጥቶ ሬሳውን በከረጢት አድርጎ ቢወስድ ምን ይሰማናል? በሞንሮቪያ ለተወሰነ ጊዜ ሬሳ ማቃጠል ግዴታ ሆኖ ነበር። ቤተሰብ ምን አደረገ? ሬሳ ደበቀ፤ በሌሊት ቀበረ። የሟችን አካል ያጠቡ እጆች በበሽታው ተያዙ። ትእዛዙ ሊከላከለው የፈለገውን ነገር ራሱ አባባሰው።

በ2014 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም ድርጅቶች ጋር፣ ከቀይ መስቀልም ጋር ተመካክሮ ደኅንነትና ክብር ያለው ቀብር የሚል አዲስ መመሪያ አወጣ። ሬሳው ሳይነካ ተየሙም፣ ማለትም ያለ ውኃ የሚፈጸመው ትጥበት፣ የሚደረግበት መንገድ ተፈለገ፤ ለከፈን ቦታ ተሰጠ፤ ጸሎት ተፈቀደ፤ ቤተሰብ የመቃብሩን ቦታ እንዲያውቅና በርቀት ቆሞ እንዲሸኝ ተደረገ። ልብ በሉ፣ ጥንቃቄው አልላላም። ሬሳ መንካት እንደተከለከለ ነው። የተለወጠው ባለሙያዎቹ «ይህ ሕዝብ ለምን እምቢ አለ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። ሕዝቡ እምቢ ያለው ያለ ክብር መሸኘትን እንጂ ጥንቃቄን አልነበረም። ሁለቱን ለይተው እስኪያዩ ድረስ የጠፋው ሕይወት ግን ተመልሶ አልመጣም።

አራተኛ፤ ሰው ሰውን ያያል። የከምባታ ታሪክ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ናት። በልጅነቷ ተገርዛለች። በእስራኤልና በአሜሪካ ተምራ በ1997 ተመልሳ ከእህቷ ጋር ዛሬ ኬኤምጂ ኢትዮጵያ በሚል ስም የሚታወቀውን ድርጅት መሠረተች። እስካረፈችበት እስከ 2019 ድረስ ሥራዋ ይኸው ነበር።

ስትመጣ ልትነግራቸው ያሰበችው ስለ ኤች አይ ቪና በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን በመጀመሪያ ያነሡላት ድልድይ ነው። ልጆች ወንዙን ተሻግረው ትምህርት ቤት መድረስ፣ ነጋዴው ገበያ መድረስ አልቻሉም። እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ «ድልድይ የእኔ ፕሮግራም አይደለም፣ በጀቱም አይፈቅድም» ሊል ይችላል። እርሷ ግን ገንዘብ አፈላለገች፣ ሕዝቡም ሠራ፣ ድልድዩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላው ጉዳይ የሚሰማት ጆሮ አገኘች። ሰውየው ስለሚያስጨንቀው ነገር ካልሰማኸው፣ አንተን ስለሚያስጨንቅህ ነገር የሚሰማህ በምን ዕዳው ነው?

ቀጥሎ የመጣው የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት በእኩል ሆነው ሃምሳ ያህል ሰዎች በአንድ ቀበሌ በየሁለት ሳምንቱ ይቀመጣሉ። አወያዮቹ የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ማንም መጥቶ «ተዉ» ብሎ አይሄድም፤ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጋብቻ ይነጋገራሉ፤ የገዛ ሴት ልጆቻቸውና ሚስቶቻቸው የደረሰባቸውን በአደባባይ ሲናገሩ አባቶች ይሰማሉ። ብዙዎቹ አባቶች ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ችግሩ ግን ዕውቀት ብቻ አልነበረም። እስቲ ራሳችሁን በአንዲት እናት ቦታ አድርጉ። ግርዛት ጎጂ መሆኑን አምናለች እንበል። ልጇን ብቻዋን ሳታስገርዝ ብትቀር ግን ማን ያገባታል? ጎረቤቷም በልቧ እንደ እርሷ ታስብ ይሆናል፤ እርስ በርስ ግን የልባቸውን አይተዋወቁም። እያንዳንዷ የሌላዋን ፊት እያየች ልጇን ታስገርዛለች። ይህን ቋጠሮ በቤት ለቤት ትምህርት ብቻ መፍታት አይቻልም፤ ሁሉም ሰው ሌላው ሰው እንደተለወጠ በዓይኑ ማየት አለበት።

በ2002 ያ ቀን መጣ። ያልተገረዘች ልጅና እጮኛዋ በአደባባይ ተጋቡ። ሙሽራዋ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሏል። ያልተገረዙ ልጃገረዶች አጅበዋታል፤ ሕዝቡ ተሰብስቦ ያያል። «ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ሜዳ ላይ መልስ አገኘ። ሌሎች ሠርጎች ተከተሉ፤ እድሮች ጉዳዩን በየስብሰባቸው አንሥተው አቋም ያዙ። የወንጀል ሕጋችን ግርዛትን በግልጽ የሚከለክሉትን አንቀጾች ያካተተው ከዚህ በኋላ፣ በ2004 በወጣው ሕግ ነው።

በአካባቢው በተደረገ ጥናት ግርዛትን የሚደግፈው ሰው በ1999 ወደ 97 በመቶ ይደርስ ነበር፤ በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። ሕግ ከወጣ በኋላ ሰው ለጠያቂ የሚሰጠው መልስ ሊለዝብ እንደሚችል አንርሳ። እንዲያም ሆኖ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን የሚያህል ለውጥ ማንም ዕቅድ አውጪ ቀድሞ በሠንጠረዥ ሊያስቀምጠው አይችልም ነበር። የለውጡን ቀጣይ እርምጃ ራሳቸው ሰዎቹ እየተወያዩ ያገኙት ነው።

አምስተኛ፤ እኛስ ምን እናድርግ?

ከሦስቱ ታሪኮች አራት የሥራ ልማዶች አወጣለሁ።

አንደኛው ልማድ፣ ከእያንዳንዱ ዕቅድ ሥር ግምታችሁን ጻፉ። «መቶ መጸዳጃ ቤት ይቆፈራል» ከሚለው ቀጥሎ «ሰዎቹ ይጠቀሙበታል ብለን የገመትነው በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ ጨምሩ። ያኔ ተቆፍሮ ግን በሩ ተዘግቶ የተቀመጠ መጸዳጃ ቤት ስታዩ ሰውየውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግምታችሁን ትመረምራላችሁ። ውኃ ይርቃል? ሽታው ይከብዳል? የአማትና የምራት ነገር አለበት? ግምቱን ያልጻፈ ሰው ከየት ላይ እንደሳተ አያውቅም።

ሁለተኛው ልማድ፣ ለሰዉ ቅርብ የሆነውን ሠራተኛ አድምጡ፣ የመወሰን ሥልጣንም ስጡት። አገራችን ከ2003 ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርታለች። የትኛዋ እናት ለምን ጤና ጣቢያ ሄዳ እንደማትወልድ የምታውቀው ያቺ ሠራተኛ ናት። ያወቀችውን ተጠቅማ አሠራሯን ለማስተካከል ፈቃድ ከሌላት ግን ዕውቀቷ ከእርሷ ጋር ይቀራል።

ሦስተኛው ልማድ፣ መጥፎ ዜና ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ጥረጉ። ቀበሌ ላይ «አልሠራም» የተባለው ወረዳ ሲደርስ «መጠነኛ ክፍተት ታይቷል» ይሆናል፤ ዞን ሲደርስ ክንውኑ ከዘጠና በመቶ በላይ ይሆናል። ማንም ብቻውን አልዋሸም፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት አለዝቧል። በመጨረሻ ወሳኙ ሰው የሚወስነው በሌለ አገር ላይ ነው። እናንተ ነገ ኃላፊ ስትሆኑ እውነቱን ይዞ የመጣውን ሰው አመስግኑት። አንድ ጊዜ ካሸማቀቃችሁት ሁለተኛ አያመጣላችሁም፤ ሰው ያስታውሳልና።

አራተኛው ልማድ፣ በትንሹ ጀምሩ፣ መመለስ በሚቻልበት መንገድ ጀምሩ። በአንድ ቀበሌ የሞከራችሁት ቢሳሳት ታስተካክሉታላችሁ። በአንድ ጀንበር በመላው ክልል ያወጃችሁት ቢሳሳት ግን ስሕተቱም ክልል ያክላል፤ ለመመለስም ኀፍረቱ ይከለክላል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁት ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁ። «በየጊዜው የሚለዋወጥ ሰው ዓላማ አለው ወይ? ሕዝብ እምቢ ባለ ቁጥርስ እንተወው?» የሚል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ዓላማንና መንገድን ለዩ የሚል ነው። የፈንጣጣ ዘማቾች አንድም ታማሚ እንዳይኖር የሚለውን ግባቸውን ለአንድ ቀን አልሸራረፉም፤ የሸሹት ከቁጥር ኮታው ነው። የኢቦላ ባለሙያዎች ሬሳ ይነካ አላሉም። ቦጋለች ገብሬ «ግማሹ ይገረዝ» ብላ አልተደራደረችም። ዓላማቸው የጸና ስለነበር ነው መንገዳቸውን ያለ ፍርሃት መቀየር የቻሉት። ዓላማው የላላበት ሰው ደግሞ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላ የሚይዘው የለውማ።

በአስቸኳይ ጊዜስ? አዎ፣ ቤት ሲቃጠል ስብሰባ አይጠራም። ነገር ግን ዌስት ፖይንትን አስታውሱ፤ በጥድፊያ የተወሰነው እገዳ ጊዜ አላተረፈም፤ ሰውም ገደለ፣ እምነትም ሸረሸረ። በችኮላ ሰዓት የሚያድነን በደኅናው ጊዜ ያጠራቀምነው መተማመን ነው። በደኅናው ጊዜ ያልደረስንበት ሰፈር በክፉ ቀን በሩን አይከፍትልንም።

ወጣቶች ሆይ! ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እቋጫለሁ፤ ተግባር ነው የምጠይቃችሁ። የመጀመሪያውን የሩብ ዓመት ሪፖርታችሁን ስትጽፉ ቅጹ ባይጠይቃችሁም በመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩ። ሰዎች ያልጠበቅነውን ምን አደረጉ? ለምን ያደረጉት ይመስለናል? እኛስ በዚህ የተነሣ ምን ቀየርን? አለቃችሁ መጀመሪያ ላይ ሊገረም ይችላል። እናንተ ግን ቀጥሉ፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሩብ ዓመት ጻፉት። አጠገባችሁ ያለውም ባልደረባ ይጻፍ። ይህች ገጽ በየወረዳው የተለመደች ቀን ሕዝባችን የሚናገረውን የሚሰማ፣ ከሰማውም የሚማር መሥሪያ ቤት ይኖረናል። ይህን ማድረግ ከነገ ጀምሮ በእጃችሁ ነው።